ምርቃት ያልጎደለበት ሱቅ፦ የወይዘሮ አስካለማርያም ወልደተንሣኤ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አስካለማርያም ወልደተንሣኤ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደተንሣኤ ብርሃነ መስቀልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሐና ገብረመንፈስቅዱስ፣ ጉም ከሰው ጋር በሚያድርባት በአንኮበር ከተማ በጥቅምት ወር 1914 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት ከአባታቸው ዘንድ ነው። ንግድን የለመዱት ግን ከእናታቸው ጋር ቁልቁለቱን ወደ አሊዩ አምባ ገበያ እየወረዱ ነበር። «ዳዊቱን ከአባቴ፣ ሚዛኑን ከእናቴ ወረስኩ፤ ሁለቱም ውሸት አይወዱም» ይሉ ነበር።

በ1934 ዓ.ም. ከአቶ ገብረ ጻድቅ ዘርአ ዳዊት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። በ1939 ዓ.ም. ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውረው፣ በደሴ መንገድ ዳር በአንድ የቆርቆሮ ክዳንና በአንድ በረንዳ ሥር ከተደረደሩት አምስት ሱቆች መካከለኛውን ተከራዩ።

ያን በረንዳ በደኅና ዘመኑ ያላየ ወጣት ዛሬ እዚህ ብዙ ነው። በአንደኛው በር ዳቦ ይሸጣል፣ በቀጣዩ ልብስ ይሰፋል፤ በመካከለኛው የወይዘሮ አስካለማርያም ስኳር፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ ሳሙናና ከረሜላ፤ ከእርሳቸው ቀጥሎ የአሊዩ አምባው ተወላጅ የአቶ ዓወል አብዱልሀሚድ ጨርቃ ጨርቅና ቅመም፤ ከዳር ፀጉር አስተካካዩ። ጣርማ በርን የተሻገረ ሹፌር እጁን እያፋተገ እዚያ ይወርዳል፤ ከመዘዞ በግ ነድቶ የመጣ ገበሬ እዚያ ዝናብ ይጠለላል። ሳሙና ልትገዛ የወጣች ኩርፈኛ ጎረቤት ታርቃ ትመለሳለች። ከተማ ማለት ሕንጻ ብቻ ሳይሆን ሰው ያለ ቀጠሮ የሚገናኝበት ደጃፍ መሆኑን ለብዙዎቻችን ያስተማረን ያ በረንዳ ነው።

ወይዘሮ አስካለማርያም መዝነው ሲያበቁ፣ ከጋዜጣ በተጠቀለለው ስኳር ላይ አንድ ቁንጥር ይጨምሩ ነበር። ደንበኛውም «ይመርቁልኝ እንጂ» ሳይል እጁን አይሰበስብም። ቋንቋችን የሽማግሌን ቡራኬና የባለሱቅን ጭማሪ በአንድ ቃል «ምርቃት» ማለቱ እንዲያው በከንቱ አይመስልም። እርሳቸውም ሁለቱን ለይተው አያውቁም ነበር። ባለቤታቸው በ1961 ዓ.ም. በሞት ሲለዩአቸው፣ ሐዘናቸውን ጨርሰው ሱቁን የከፈቱት በዚያው ልማድ ነው።

በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ የሱቆቹ ተርታ ወደ ቀበሌ ዞረ። በ1969 ዓ.ም. በውስጥ ያሉት ግድግዳዎች ፈርሰው አምስቱ ሱቆች አንድ የኅብረት ሱቅ ሆኑ፤ መግቢያውም በቀድሞው ዳቦ ቤት በኩል ብቻ ተደረገ። ግንበኛው የቀሩትን በሮች በድንጋይ ሊደፍን ሲመጣ፣ ወይዘሮ አስካለማርያም የራሳቸው በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ይህን በሳንቃ ምታው። ምስማር ይነቀላል፤ ድንጋይ ግን ይፈርሳል እንጂ አይከፈትም» ብለው ለመኑት። ግንበኛው ራርቶ በሳንቃ መታው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ሳይሞቱ ያ በር ተከፍቶ ማየት።

ሙያውን ያውቃሉ ተብለው በኅብረት ሱቁ ሻጭ ሆነው ተመደቡ። ስኳር በራሽን በሚታደልበት በዚያ ዘመንም ምርቃታቸውን አልተዉም። በ1971 ዓ.ም. ለቦታው አዲስ የሆነ አንድ ካድሬ በቀበሌው ስብሰባ ላይ አስነሥቶ «ጓድ አስካለማርያም፣ በኅብረት ሱቅ ውስጥ ሕዝብ ይመርቃሉ የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አላቸው።

«አዎን፣ እመርቃለሁ» አሉ።

«የመሪጌታ ልጅ መሆንዎን እናውቃለን። ምርቃትዎን ለቤተ ክርስቲያን ያድርጉት!»

አዳራሹ በሳቅ ታወከ። አቶ ዓወል ተነሥተው «ጓድ፣ እኔ እስላም ነኝ። እትዬ አስካለ ስንት ዘመን መርቀውኛል፤ አልሐምዱሊላህ ብዬ ቤቴ ያስገባሁት ግን ስኳር ነው» ሲሉ ካድሬውም አብሮ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ ከበፊቱ ከበደ፤ ስኳር ከሆነ ከየት መጣ? የሕዝብ ንብረት ማጉደል የሚያስከትለውን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ወይዘሮ አስካለማርያም ከባንኮኒው ሥር የምትቀመጥ ጣሳ እንድትመጣ ጠየቁ። «ይህ የራሴ ራሽን ነው። ከዚህ እቆነጥራለሁ፤ የሕዝቡን አልነካሁም» አሉ። የሱቁ ስኳር ተመዝኖ ምንም ሳይጎድል ተገኘ፤ ካድሬውም «ከራስዎ ከሆነ ይመርቁ» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ቤታቸው ሻይ በጨው የሚጠጣበት ምክንያት ለልጆቻቸው የተገለጠው ያን ዕለት ነው። ልጃቸው አመተ ማርያም ተቆጥታ «እማዬ፣ ለእኛስ ማን ይመርቅልን?» ብትላቸው፣ «የእኛን የሚሰፍር አለ፤ እርሱ አይረሳም» አሏት።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የግል ንግድ ሲፈቀድ፣ ቀበሌው መካከለኛውን ክፍል መልሶ ለእርሳቸው አከራየ። ሳንቃውን የነቀሉት አቶ ዓወል ነበሩ፤ ምስማሩ ዝጎ ሲያስቸግራቸው «እትዬ አስካለ፣ ይህንንስ ግንበኛው ሲመታው ምስማር መርቆበታል!» እያሉ። ወይዘሮ አስካለማርያም በተከፈተው በር ገብተው ባንኮኒውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት። በዓመቱ መጨረሻ በአጠገባቸው የአቶ ዓወል ልጅ ዙቤዳ ሱቅ ከፈተች፤ ልብስ ሰፊውም ማሽኑን ወደ በረንዳው መለሰ።

ሐኪም የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሲነግራቸው «ስመርቅ የኖርኩት ዞሮ መጣልኝ ማለት ነዋ!» ብለው አሳቁት። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ኅዳር 12 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከልጆቻቸው ከወይዘሮ አመተ ማርያምና ከአቶ ወልደ ሰንበት ገብረ ጻድቅ አምስት የልጅ ልጆች አይተዋል።

የቀብር ሰልፍ ሲያልፍ ሱቅ መዝጋት የአገራችን ወግ ነው። እርሳቸው ግን «የእኔ በር ብዙ ተዘግቶ ኖሯል፤ እንዳትዘጉት» ብለው ተናዘዋል። ስለዚህ አስከሬናቸው ዛሬ በዚያ ሲያልፍ ሌሎቹ በሮች ለክብራቸው ተዘግተው፣ የእርሳቸው ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ዙቤዳም ከባንኮኒው ኋላ ቆማ፣ እያለቀሰች ለአንዲት ሕፃን ስኳር ትመርቅ ነበር።

ለሰው መዝነው ሲያበቁ ከራሳቸው የጨመሩትን እናታችንን፣ አምላከ አብርሃም በሚዛን ብቻ አይቀበልብን። ከምሕረቱ ሰፍሮ ሲያበቃ፣ ለነፍሳቸው ይመርቅላቸው። አሜን።