ጀርባውን ስመታ የሳትኩት ቦታ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሎሬና፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የኦሃዮ ብርድ ዘንድሮም አልለቀቃችሁም አሉ፤ ደረትሽን ሸፈን አድርጊ። ባለቤትሽስ ጋሼ ክላይድ ደህና ነው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ያልደወልኩልሽ ስልኩ ከሃርመን አልጋ አጠገብ ስለሆነ ነው፤ ይህን እንዲሰማ አልፈልግም።

ባለቤቴ ሃርመን ትንፋሹ ብሶበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከከሰል ጉድጓድ ይዞት የወጣው አቧራ ሳንባውን እንደበላው ታውቂያለሽ። ከገና ወዲህ ደግሞ አክታው ወፍሮ አልወጣ አለ። ክሊኒኩ ማርላ የምትባል የአተነፋፈስ ሕክምና ባለሙያ ላከልን። ከዳሌው ሥር ትራስ ደርድሬ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጌ፣ መዳፌን ውሃ እንደሚጠጣበት ሰው ጎድጎድ አድርጌ ጠዋትና ከሰዓት ጀርባውን እንድመታ አሳየችኝ። ከዚያ እሱ ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው አሹሎ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ በመጨረሻም መስተዋት በትንፋሹ እንደሚያደበዝዝ አፉን ከፍቶ «ሃህ!» ይላል። አክታው የሚነሣው ያኔ ነው። የተወችልኝን ሥዕል ከመጽሔት ቀድጄ ካስቀመጥኩት የሳንባ ሥዕል ጋር እያስተያየሁ አጠናሁት።

ማርላ «ድምፁን አዳምጪ፤ የቱ ጋ እንደተጠራቀመ ይነግርሻል» ብላኝ ሄደች። ሃርመን ይህን ሲሰማ እየሳለም ቢሆን ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ የጉድጓድ ጣሪያ በብረት ሳንኳኳ ያረጀሁትን ሰውዬ ልታስተምሪ ነው? የሚናደው ባዶ የሚጮኸው ነው። እሱን ምቺ፤ ድፍን ያለውን ተይው፣ ጤነኛ ነው» አለኝ። አመንኩት። እንዴት አላምነው? በዚያ ጆሮው አይደለም እንዴ በየቀኑ በሕይወት ሲመለስልኝ የኖረው?

ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ የሚጮኸውን ስመታ ከረምኩ። ባለፈው ረቡዕ ትኩሳት ያዘው፤ አንዲት ቃል ተናግሮ ሁለተኛዋን ለመጨመር ማረፍ ጀመረ። ማርላ መጥታ ጀርባውን አንኳኳች። ከቀኝ ጎድኑ ታች ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ። «ኤስታ፣ እዚህ ጋ መተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ። የሆነውን ነገርኳት። «ደረት እኮ ጣሪያ አይደለም፣ የኔ እናት! ባዶ የሚጮኸው አየር ያለበት ነው። የሞላው ድፍን ያለው ነው» አለች። ሃርመን አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ ነኝ ያሳሳትኳት፤ እሷን አትቆጪያት» አለ።

አሁን በግራ ጎኑ አስተኝቼ ትክክለኛውን ቦታ እመታለሁ፤ ሐኪሙ ያዘዘለትንም መድኃኒት እየወሰደ ነው። ድምፁ ግን ያው ድፍን ነው። አሁንም ቀስ አድርጌ ነው የምመታው። እሱ «ጠንከር አድርጊ እንጂ፣ ብስኩት መሰልኩሽ?» ይለኛል፤ እኔ ግን ዳግመኛ እንዳልሳሳት እፈራለሁ።

ማርላ ሐሙስ ትመለሳለች። እስከዚያ ካልቀለለው ሆስፒታል ይግባ ብላለች። ወንድሙ ቨርጂል ሆስፒታል ገብቶ እንደቀረ ታስታውሻለሽ። ሃርመንም «አልሄድም፤ ከሞትኩም በአንቺ እጅ ልሙት» ይላል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይኸው ቃል ነው፣ እትዬ።

ምንም ነገር ለምኜሽ አላውቅም። ሐሙስ ሳይደርስ ነይልኝ። ጀርባውን እንድትመቺልኝ አይደለም። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ያለኝን ሁሉ አምኜ ኖሬያለሁ፤ ዘንድሮ ግን «ትሄዳለህ» ልለው ነው። ስለው ድምፄ እንዳይጠፋ አጠገቤ ቁሚልኝ።

ጋሼ ክላይድን ሳሚልኝ። ልጅሽን ዊኖናንና ሕፃኗን፣ እንዲሁም አማችሽን እሜቴ ሩትን ሰላም በይልኝ። ሃርመን መጻፌን ስለማያውቅ የእሱን ሰላምታ አልላክሁልሽም።

ታናሽ እህትሽ ኤስታ
ላውረል ሸለቆ፣ ዌስት ቨርጂኒያ
ቅዳሜ፣ ማርች 7 ቀን 1998