ለአንድ ዙር ድንጋይ አንድ ጋሪ ውኃ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ጠዋት 2 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬም አልመጣም። አዳነ፣ ግንበኛው። መዶሻውንና ቱንቢውን ግድግዳዬ ላይ ትቶ ሄዷል። ተንኮሉ ነው። ዕቃውን አይቼ ይመለሳል ብዬ ሌላ ሰው እንዳልቀጥር። የአዲሱ ክፍል ግድግዳ ደረቴ ጋ ቆሟል። ድንጋይ በጭቃ ነው፣ ዝናብ ከመታው አለቀ።

የቀረኝ፦
— ግድግዳው እስከ ጣሪያ
— ቆርቆሮ
— በር

ልጄ ሕይወት ከዳባት ልትመጣ ነው። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ። የት ላስተኛት? ያለችን አንዲት ክፍል ናት፣ እሷም ታፈሳለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አገኘሁት! መናኸሪያው ጀርባ፣ አዲሱ ሆቴል ላይ ይገነባል። "ጋሽ ይርጋ፣ ነገ እርስዎ ጋ ነኝ" አለኝ፣ እየሳቀ። ስንተኛው ነገ?

ሠራተኞቹን እንዴት እንደሚያጣድፍ! እኔ ጋ አንዷን ድንጋይ እንደ ሕፃን ሲያገላብጥ ይውል ነበር። አሁን ገባኝ። እኔ የቀጠርኩት በቀን ሒሳብ ነው፣ በተጓተተ ቁጥር ይጠቀማል። ሆቴሉን ግን በቁርጥ ዋጋ ነው የያዘው፤ የሠራተኛው የቀን ክፍያ ከራሱ ኪስ። እዚያ የባከነ ቀን እሱን ነው የሚበላው።

ይብላዋ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ለሆቴሉ ግንባታ ውኃ የምታመላልሰው የኔ የአህያ ጋሪ ናት። የቧንቧ ውኃ ጠፍቷል። የሌላው ባለ ጋሪ ጎማ ፈንድቷል። ዛሬ አልሄድኩም። አህያዬ አነከሰች ብዬ ላክሁበት። አህያዬ ደጅ ላይ ትዘላለች!

በሩቁ ቆሜ አየኋቸው። ሲሚንቶው ተቆልሏል፣ ሠራተኛው ካርታ ይጫወታል፣ አዳነ ስልክ ይደውላል። የሚጮኸው የኔ ኪስ ነው። አላነሣሁም። ምሳዬን ዛሬ ነው በደንብ የበላሁት።

ባለቤቴ ዘነበች ኃጢአት ነው አለች። ማን ጠየቃት።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ራሱ መጣ። አህያዋን አየ።

"ተሽሏታል መሰለኝ።"

"ግድግዳዬ ሲሻለው ይሻላታል።"

ሳቀ። ተቆጣ። ከዚያ ለመነ። ሠራተኞቹ ለእርሻ ወደየገጠራቸው ሊበተኑበት ነው። እነሱ ከሄዱ የኔንስ ማን ይገነባል? ፊቴን ግን አላስነበብኩትም። ነገርኩት፦

1. የቀን ሒሳብ ቀረ። በቁርጥ።
2. ለኔ አንድ ዙር ድንጋይ ሲገነባ፣ ለሆቴሉ አንድ ጋሪ ውኃ ይሄዳል።
3. የተጣመመ ዙር አይቆጠርም። የምለካው በራሱ ቱንቢ።

እርስዎ ሰው አይደሉም አለኝ። ከዚያ እሺ አለ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ይሮጣል! ስድቡ ከላይ፣ እኔ ከታች በቱንቢ። ደመናው በሊማሊሞ በኩል እየጠቆረ ነው።

ሕይወት ደረሰች፣ ሆዷ ቀድሟት። አዳነ ከግድግዳው ወርዶ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" አላት። አሜን አልኩ። ምርቃቱን ተቀበልኩ፣ እሱን አይደለም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19። ከሰዓት

ቆርቆሮው ተመታ። ቀትር ላይ ዝናቡ ወረደ። ሕይወት አዲሱ ክፍል ውስጥ ተኝታለች፣ ጠብታ አልነካትም። እፎይ።

ለሠራተኞቹ በግ ታስሯል፣ ነገ ይበላሉ። ለአዳነ ሳህን የለም ብዬ ነበር። ዘነበች ተቆጣች፤ ግንበኛ ሳይጎርስ የተመረቀ ቤት አይባረክም አለች። ሕይወትም አባዬ ተው አለች።

አሰብኩበት። ይምጣ። ከላይ ይቀመጥ። ዘነበች ለዕርቅ መስሏት መረቀችኝ።

ግን ደባርቅ ውስጥ አዳነ ግድግዳ ጀምሮላቸው የተሰወረባቸው ሌሎች ሰዎች አሉ። በየቤታቸው ሄጄ እጠራቸዋለሁ፣ አሁኑኑ፣ ዝናቡ ሲያባራ። በጉ ትልቅ ነው፣ ይበቃል። የማስቀምጣቸው ከአዳነ ግራና ቀኝ ነው።