አጎቱም በቃው ብሏል

ለምወድሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ አገር አቋርጦ በርሽን ያንኳኳ። እንደምን ከርመሻል? ያ የቀኝ ትከሻሽ እንዴት ሆነልሽ? የሰው ልብስ ስተኩስ ውዬ ማታ ይጠዘጥዘኛል ያልሽኝ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽው ዝም አልሽ? ባለቤትሽስ፣ ሳሉ ለቀቀው? ታናሿ ልጅሽ፣ ያቺ ለፍላፊ፣ ትምህርቷ እንዴት ይዟታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል እንጂ ሌላው አካሌ ገና ሥራ አልፈታም። ጥርሴ ግን እያለቀ ነው። ምላሴ ብቻ እንደ ጎረምሳ ቀርቷል፤ የዛሬውንም ጣጣ ያመጣብኝ እሱ ነው።

ይህን የምትጽፍልኝ የስታዲየማችን ትኬት ሻጭ ናት። እጇ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ከእጇ ይቀድማል። እንዳታሳምሪልኝ፣ እንደ ወረደ ጻፊው ብያታለሁ። ባለፈው በስልክ ልነግርሽ ነበር የደወልኩት፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናቡ አወራሁሽና ዘጋሁት። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት "እህ?" ብሎ አይጠይቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅሽ ቡድኑን በገዛ ፈቃዴ ለቀቅኩ እንዳለሽ ሰምቻለሁ። አልለቀቀም፣ አባረሩት። ለመባረሩም ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። ግማሹ የምለው ለራሴ አዝኜ ነው።

ያንን ልጅ ገና የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ለኔ ትተሽ ስትሄጂ "አደራ" ብለሽኝ ሌላ ቃል አልጨመርሽም። እኔም አደራ በላ የሚባል ስም በኔ ላይ አይለጠፍም ባይ ነበርኩ። ከሜዳው ጥግ ባለችው ክፍል አሳደግኩት። ከጎሉ ጀርባ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ሠራ፣ ኳስ ተጫወተ፣ ኋላም ርቆ ሄዶ አሰልጣኝነት ተማረ። ዘንድሮ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ወደዚሁ ሜዳ ሲመለስ ደረቴን ነፍቼ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ጫማዬን ቀለም ቀብቼ ነበር፤ እኔ ሣር አጫጁ።

በመጣ በመጀመሪያው ሳምንት ተጫዋቾቹንና ረዳቶቹን አስከትሎ ሜዳው መሀል ድረስ መጣና፣ "ጋሼ፣ ሣሩ ረዝሟል። በግማሽ ይታጨድልንና ከጨዋታ በፊት ውሃ ይጠጣ" አለኝ። ልጆቹ ኳሷን መሬት ለመሬት፣ አጭር አጭር እየተቀባበሉ በፍጥነት እንዲጫወቱ ነው የሚፈልገው፤ ረጅም ሣር ደግሞ ኳስ ይይዛል። በትሕትና ነው የተናገረው፣ እሱን አልክድም። ግን በሰው ፊት ነበር። ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ ያ ፀጉሩን ቢጫ የተቀባው፣ ፈገግ አለብኝ። ደሜ ፈላ። እኔ ይህን ሜዳ ስንከባከብ ስንት አሰልጣኝ መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ ሱሪውን ያጠብኩለት ልጅ ነው አሁን ስለ ሣር የሚያስተምረኝ? "ማጨጃው ከዚህ በታች አይወርድም" አልኩት።

ውሸቴን ነው። አንድ ብሎን አላልቶ ምላጩን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነበር። እሱ ማሽኑን አየ፣ እኔን አየ፣ "እሺ ጋሼ" ብሎ ሄደ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ይለምነኝ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩት፤ አልለመነኝም። እኔም ብሎኑን አልነካሁም።

ጨዋታው ሲጀመር እንግዲህ ጉዱ ታየ። ቡድኑ ሌላ ሜዳ ሄዶ ሲጫወት ያሸንፋል፣ ካልሆነም አቻ ይወጣል። ቤቱ ሲመጣ ይሸነፋል። ኳሷ ከእግር ተነስታ ትንሽ ትሄድና ጭቃ እንደያዘው ጎማ ትቆማለች፤ የኛ ልጅ ሳይደርስባት የነዚያ ልጅ ቀድሞ ይወስዳታል። አንዱ የሥነ ልቦና ችግር ነው ይላል፣ ሌላው ደጋፊው ጮሆ አስፈራቸው ይላል። እኔ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ ኳሷ የት ላይ እንደምትሞት ከተጫዋቾቹ በፊት አውቅ ነበር። አውቄም ዝም። በኋላማ ላሳጥረው ብል፣ ማጨጃው አይወርድም ያልኩት ሊጋለጥብኝ ሆነ። እንዲህ እንዲህ እያልን ወደ ታች ሊግ ከሚወርዱት ተርታ ገባን።

ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ያለውን ሻይ ቤት ታውቂዋለሽ። ወሬው ሁሉ አንድ ሆነ፤ አሰልጣኙ ይቆይ ወይስ ይባረር። ፀጉር አስተካካዩ ይቆይ ባይ ነው። ስንቱን አሰልጣኝ ቀያየርን፣ እያንዳንዱ መጥቶ የፊተኛውን አፍርሶ ከሀሁ ይጀምራል፣ ልጆቹ የማንን ቃል እንደሚሰሙ ጠፋባቸው፣ ለዚህኛው እንኳ ጊዜ እንስጠው ይላል። የታክሲው ሹፌር ደግሞ አሰልጣኝ የሚለካው በነጥብ ነው ባይ ነው። "እኔ መኪናዋን ገደል ብከታት ባለቤቷ 'ግድ የለም፣ አነዳድህ ያምራል' ይለኛል?" ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ታዲያ ከሜዳችን ውጭ እንዴት ያሸንፋል ሲለው፣ እዚያ አንተ ስለሌለህ ነዋ ብሎ ቤቱን በሳቅ ያፈርሰዋል። ቀጥሎ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። ዝም ስል "ደሙ ነው፣ ምን ይበል" ይሉኛል።

ይቺ አንጀቴን አሳረረችው። የገዛ ሚስቴን፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ቀን በጓሮ በር ያለ ትኬት ያላስገባሁ ሰው፣ ለዘመድ ያደላል ልባል? እንዲህ እያብሰለሰልኩ ሳለ የሬዲዮው ስፖርት ጋዜጠኛ መቅረጫውን ይዞ እዚያው ሻይ ቤት ድረስ መጣ። ክለቡ ይህን አሰልጣኝ ይዞ ይቀጥል ወይ ብሎ አፌ ላይ ደቀነብኝ። እህቴ፣ ሣሩን ጠይቀኝ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። "የእህቴ ልጅ ነው፣ ያሳደግኩትም እኔ ነኝ። ግን ቡድኑ ከሱ ይበልጣል። በቃው፣ ይሂድ" አልኩ። ከኔ ወዲያ ሐቀኛ ላሳር።

ሰዉ እየተነሳ ጨበጠኝ። ሹፌሩ ሰው ማለት እንዲህ ነው ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ልንገርሽ፣ በዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁሉም ይህን መናገር ነው የሚያሳፍረኝ።

በሚቀጥለው የሜዳችን ጨዋታ ደጋፊዎቹ የተጠቀለለ ረጅም ጨርቅ ተሸክመው መጡና ገመድ አለዎት ወይ አሉኝ። ከመጋዘን አውጥቼ ሰጠኋቸው። አስተሳሰራቸው ልል ስለነበር ምን ዓይነት ወጣቶች ናችሁ ብዬ ሰድቤ ራሴ ወጥቼ ቋጠርኩላቸው። ጨርቁ ሲዘረጋ ስታዲየሙ ተናጋ። ፊደል እንደማልለይ ታውቂያለሽ። ይህችን ትኬት ሻጭ፣ አሁን አንገቷን ደፍታ የምትጽፈውን፣ ምን ይላል ብዬ ጠየቅኳት። ማስታወቂያ ነው አለችኝ። የምን ማስታወቂያ ሰውን እንዲህ ያስጮኻል ብዬ ያዝኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ "አባባ፣ 'አጎቱም በቃው ብሏል' ነው የሚለው" አለችኝ።

ልጅሽ ከተጠባባቂዎቹ አጠገብ ቆሞ ነበር። ቀና ብሎ አነበበው። እኔን ፍለጋ ዓይኑን አላዞረም፤ ወደ ልጆቹ ዞሮ እጁን እያወናጨፈ ማዘዙን ቀጠለ። ያንንም ጨዋታ ተሸነፍን። ገመዱ የኔ፣ ቋጠሮው የኔ።

የክለቡ ቦርድ ሊሰበሰብ ነው ሲባል ሳልጠራ ገባሁ፣ ከነጭቃ ቦቴ። ፕሬዚዳንቱ ያ ሲሚንቶ ነጋዴው ነው። ስለ ሣሩም፣ ስለ ማጨጃውም፣ ስለ ውሸቴም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። አሰልጣኙ ቢቆይ ቡድኑ ይተርፋል፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። ከመሀላቸው አንዱ፣ የአሥራ አንድ ሰው ኃጢአት ሣር ተሸከመው እንዴ ብሎ ሳቀ። ፕሬዚዳንቱ ግን አልሳቀም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና፣ "አባባ፣ ያኔ በሬዲዮ እውነቱን ተናገሩ፣ አከበርንዎት። አሁን ደም ስቦዎት ነው፣ አንፈርድብዎትም" አለኝ። ማልኩ። ኑና ብሎኑን ልፍታላችሁ ብዬ ለመንኩ፤ እኔ ልመና ስገባ አስቢው። አንድም ሰው ከወንበሩ አልተነሳም። ሳደላ የማልታወቅ ሰው ነኝ ብዬ በኮራሁበት አፍ፣ እውነቱን ስናገር አዳልቶ ነው ተባልኩ። ማምሻውን ልጅሽን አሰናበቱት።

በማግስቱ ዕቃውን ሊወስድ መጣ። እኔ ማጨጃው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ለቦርዱ ተናግሬ እንዳላመኑኝ ነገርኩት። ሰምቻለሁ አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያችን ብሎን በጣቱ ነካ አደረጋትና፣ "አውቃት ነበር እኮ ጋሼ። በልጅነቴ ዘይት እንድቀባት የሚያደርጉኝ እርስዎ አልነበሩም?" አለኝ። ምድር አፏን ብትከፍትልኝ እገባ ነበር። ታዲያ እያወቅክ ምነው ለቦርዱ ሳትናገር ቀረህ አልኩት።

"ብናገር ከዚህች ክፍል ያስወጡዎት ነበር። እኔ ሌላ ሜዳ አላጣም" አለኝ።

ይህንን ሲል አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። እኔ እኮ የምፈልገው እንዲሰድበኝ ነበር። ቦርሳውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረና አንድ ነገር ለመነኝ። ለሚመጣው አሰልጣኝ ሣሩን ያሳጥሩለት፣ ልጆቹ መሬት ለመሬት መጫወት ለምደዋልና ድካማቸው እንዳይባክን አለኝ። ለራሱ ያልለመነኝን ለማያውቀው ሰው ለመነኝ።

አሳጠርኩት። ብሎኗ በአንድ ጊዜ ዞረችልኝ። አዲሱ አሰልጣኝ በመጣ በመጀመሪያው የሜዳችን ጨዋታ ኳሷ ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ብርጭቆ ተንሸራተተች። ልጅሽ ያስተማራቸውን ቅብብል፣ አንድ ሳያዛንፉ፣ ያው ልጆች ተጫወቱት፤ አሸነፍንም። ደጋፊው አዲሱን ሰውዬ በትከሻው ተሸከመው። እሱ ምን አጠፋ፣ ጨዋ ሰው ነው። እኔ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ ላጨበጭብ እጄን አነሳሁ፤ አንዱ እጅ ከሌላው ጋር ሊገናኝልኝ አልቻለም።

ሻይ ቤት ስገባ ሁሉም ተነስቶ ተቀበለኝ። ሹፌሩ ቀድመው ያወቁት እርስዎ ነበሩ ብሎ ሻይ አዘዘልኝ። ይቆይ ባዩ ፀጉር አስተካካይ እንኳ፣ እውነትዎን ነበር አባባ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አለኝ። ሣሩ ነው፣ ሣሩን ነው ያሳጠርኩት አልኳቸው። ትሕትና መሰላቸው። እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ ሳልፍ ከመቀመጫቸው ይነሱልኛል። እህቴ፣ ስድብ ቢሆን እችለው ነበር፤ ምላሽም አላጣለትም። በዚህ አክብሮት ግን ምን ላድርግ?

ልጅሽ አሁን ራቅ ያለ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ስፖርት ያስተምራል። በየሳምንቱ ይደውልልኛል፤ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት ይለኛል፣ ስለ ሌላው ትንፍሽ አይልም። በፈቃዴ ለቀቅኩ ሲልሽ አትከራከሪው፣ ይህን የሚለው ለኔ ብሎ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተይልኝ። በደወልሽለት ቁጥር "ወንድሜ ባይኖር ምን ይውጥህ ነበር" የምትይውን ተይ። እሱ አዎ ይልሻል፤ እኔ ደግሞ አዎ እንደሚልሽ አውቃለሁ።

ቦርዱ እንኳን ደስ ያለዎት ብሎ ይህችን ክፍል ቀለም ሊያስቀባልኝ ሰው ልኮ ነበር፤ መልሼዋለሁ። ብትቆጪኝ ደግ ነው። ሳትቆጪኝ እንዳትቀሪ።

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፣ ሳሉ ካልተወው ሐኪም ጋ ይሂድ እንጂ አይኩራ፤ ኩራት ምን እንደሚያደርግ ከኔ ይማር። ለታናሿ ልጅሽ ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ለፍልፊ፣ ግን ሬዲዮ ላይ አትውጪ በያት። ከላይ ፎቅ ላሉት፣ አንቺን በሕመምሽ ላስታመሙሽ እናት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ትኬት ሻጯም ሳላውቅሽ ወደድኩሽ ብላ ሰላም ብላሻለች።

ለልጅሽም ሰላምታዬን አንቺ አድርሺልኝ። በየሳምንቱ ድምፁን እሰማለሁ፤ ጉልበቴ ደህና ነው ከማለት በቀር እስካሁን ሌላ ቃል ማውጣት አልሆነልኝም።

ታላቅ ወንድምሽ

ከሜዳው ጥግ ካለችው ክፍል
ማክሰኞ፣ መጋቢት 9 ቀን