ውሃው አራተኛ ፎቅ ለምን አይደርስም?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

አራተኛው ረቂቅ። አሁንም አልወደድኩትም። የቅዳሜውን የሳይንስና የሒሳብ ክበብ ሥርዓተ ትምህርት አውጪ ከተባልኩ ወዲህ፣ ማስታወሻዬ፣ አንቺንም ረስቼሻለሁ። አንድ ሳምንት ፊዚክስ፣ አንድ ሳምንት ባዮሎጂ፣ አንድ ሳምንት ሒሳብ። "የተቀናጀ" አልኩት እንጂ ምኑ ተቀናጀ? የሒሳብ መምህራችን ጋሽ ቶሎሳ አነበቡት። ጡረታቸው ደርሷል፤ ጠዋት ከሁላችን ቀድመው የሚገቡት ግን እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ጎረቤት ናቸው፤ ግን አይጠያየቁም" አሉኝ። ሳቅኩ። ልክ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

የመጀመሪያ ቀን። ሰባተኛ ክፍሎች፤ የመጣው ሁሉ ፈልጎ የመጣ። ስለ ግፊት አስተማርኩ። ጸጥ ብለው ይገለብጣሉ። ተስፋ ቆርጬ ጥያቄ አላችሁ ወይ አልኩ። ሌሊሴ እጇን አወጣች፤ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በአውቶቡስ የምትመጣ ቀጭን ልጅ።

"ቲቸር፣ እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ውሃ ምድር ቤት ሲመጣ እኛ ጋ አይደርስም። እናቴ የታችኞቹ ናቸው የሚያስቀሩብን ትላለች። እውነት ነው?"

ክፍሉ ተንጫጫ። ሁሉም የሚለው አለው። ልመልስ አፌን ስከፍት ጋሽ ቶሎሳ ከኋላ ወንበር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። መልሱን ዋጥኩት። ከባድ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ረቂቁን ጣልኩት። ጀሪካን በረንዳ ላይ፣ ቱቦ ወደ ግቢ። አንዱ የቱቦውን ጫፍ ደረጃ በደረጃ ከፍ ያደርጋል፣ አንዱ ጠርሙስ እስኪሞላ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ ግራፍ ላይ ነጥብ ያኖራል። መስመሩ ቀጥ አላለም፤ ተጠማዘዘ። ተሳስተናል ብለው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከመጀመሪያው ደገሙት። ያው! ጋሽ ቶሎሳ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። እንዲህ ያለ መስመር ልጆቹ የሚማሩት ገና ከዓመታት በኋላ ነው።

ከዚያ ሌሊሴ፣ ዝቅ ብሎ ሌላ ቧንቧ ይገጠም አለች። ገጠምን። የታችኛው ሲከፈት የላይኛው ውሃ ክር አከለ። ቆማ አየችው።

"በቃ ይሄ ነው? ክፋት አይደለማ!"

ወይ ልጅ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ርዕሰ መምህሯ ወ/ሮ አስቴር ጠሩኝ። ክበቡ ይቀጥል፤ ግን ከክፍላቸው ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡት ብቻ። በሚቀጥለው ዓመት የሚኒስትሪ ፈተና አለባቸው፣ ወላጅ ውጤት ይጠይቀናል አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈርተው ነው። የሌሊሴን ደረጃ አየሁ። ታች ናት። ጠዋት ጀሪካን ስታመላልስ የመጀመሪያው ክ/ጊዜ ያመልጣታል። ቅዳሜ ከወላጆች ጋር መጥተው ይዩልኝ ብዬ ለመንኩ። እሺ አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ሌሊሴ እናቷንም የምድር ቤቷን ጎረቤታቸውንም ጋብዛለች። ሴቶቹ ተኮራርፈዋል፤ ተራርቀው ተቀመጡ። ልጅቷ የታችኛውን ቧንቧ ከፈተች፤ የላይኛው ቀነሰ። ዘጋች፤ ተመለሰ። ጎረቤቷ ብድግ ብላ ራሷ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ወደ ሌሊሴ እናት ዞረች።

"እኔ ይሄን በምን አውቄ?"

እናትየው ሳቀች። ከስብሰባው ሲወጡ ጠዋት በተራ ለመቅዳት ተስማምተው ነበር። ወ/ሮ አስቴር በጆሮዬ ጠየቁኝ፦ ይህቺ ልጅ ስንተኛ ናት? ነገርኳቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ወ/ሮ አስቴር ቢሮ ገባሁ። ሌሊሴ ከወጣች እኔም እወጣለሁ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ።

"ማስፈራራቱን ተይና መስፈርቱን ጽፈሽ አምጪ። እፈርማለሁ።"

እየጻፍኩ ነው። ጋሽ ቶሎሳ አጠገቤ ተቀምጠው ቃላት ይቀንሱልኛል። የመግቢያ መስፈርት፦ ደረጃ አይጠየቅም። ተማሪው ያልገባውን አንድ ነገር ይዞ ይምጣ።