ከሻለቃ የተረፈ ጠብታ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ልብስ አጠብኩ፤ ፀሐዩ ጥሩ ነበር። ድመቴ ወይዘሪት መስኮቱ ላይ ሆና አንገቷን ስታክ ዋለች። ቁንጫ... ከየት መጣ? ደጅ ወጥታ አታውቅም። ምራቴ ሻለቃ የምትለውን ውሻዋን ይዛ ከገባች ወዲህ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ከገበያ ስመለስ ወይዘሪት ወለሉ ላይ ትንፈራገጣለች። አረፋ ደፍቃለች። ማጅራቷ በቅባት ርሷል።

«ምን አደረግሻት?» አልኳት ምራቴን።

«ኧረ ምንም፣ እማማ! ዛሬ ሻለቃን ከቀባሁት የተረፈ የቁንጫ ማጥፊያ ጠብታ ነው... እርስዎን ላግዝ ብዬ።»

ካርቶኑን ከቆሻሻ መጣያው አወጣሁት። «ለውሻ ብቻ። ድመት ላይ አይደረግም።» በቀይ ተጽፏል! እኛ ተማሪ ቤት አንድ ፊደል ስንስት መዳፋችን በዱላ ይነድ ነበር። እሷን ማን ቀጣት?

የእንስሳት ሐኪሟ በስልክ «ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥባችሁ አሁኑኑ አምጧት» አለች። ልጄ መኪናውን አበረረው። ወይዘሪት ሐኪሟ ዘንድ ቀረች። ትተርፍ ይሆን? ከሞተች... ወይ ምራቴ ወይ እኔ ከዚህ ቤት እንወጣለን።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ትተነፍሳለች። ልጄ «እማዬ፣ ሳታውቅ ነው፤ ይቅር በያት» ይላል። አልቸኩልም።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ወይዘሪት ቤቷ ገባች። ሐኪሟ «ውሻው መድኃኒት ተቀብቷል፤ እንዳትልሰው ለይታችሁ አቆዩት» አለች። ምራቴን ዕቃ ቤቱን አሳየኋት።

«እማማ፣ ሻለቃ ብቻውን አድሮ አያውቅም!»

«እንግዲያው አብረሽው እደሪ።»

ፍራሿን እየጎተተች ሄደች። ለስንት ቀን? ሐኪሟ ሦስት ብላለች። እኔ ወር አልኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ምራቴን ምንጣፉን አስነሳኋት። ትራሱን ሁሉ በሙቅ ውሃ አሳጠብኳት፣ የወለሉን ስንጥቅ አስጠረግኳት። የቁንጫ እንቁላል ቤት ውስጥም ይረግፋል፤ ይህ እንኳ እውነት ነው።

«ወገቤ ተቆረጠ፣ እማማ!»

«የድመቷስ?»

በቀል እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ሐኪሟ ስለፈቀደች የድመት ጠብታ ገዛሁ። አይታ ትፈር ብዬ ምራቴን ጠራኋት። የድመቷ ምላስ በማይደርስበት ማጅራቷ ላይ ፀጉሩን ገለጥ አድርጌ ቆዳውን አሳየሁ። የጠብታውን ቱቦ ጫፍ ልቆርጥ ስል እጄን ያዘች።

«ይቆዩ፣ እማማ። ይሄ ከአራት ኪሎ በላይ ለሆነች ነው።»

«አምስት ናት!»

«ነበረች።»

ድመቷን ታቅፋ ሚዛን ላይ ወጣች፤ ከዚያ ብቻዋን። ልዩነቱ ሦስት ኪሎ ተኩል... ካርቶኑን አንብቤው ነበር። ድመቷን ግን በሐሳቤ ነበር የመዘንኳት።

ሄዳ ለትንሽ ድመት በሚሆነው አስቀየረችው። እኔ ያዝኩ፣ እሷ አንጠባጠበች። ስትጨርስ ቀና ሳትል፦

«የሻለቃም ተለይቶ መቆየት ሦስት ቀን ነበር። መመሪያውን ኋላ አንብቤዋለሁ። ቅጣቱ ይገባኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

በገዛ ዱላዬ ተመታሁ... ፍራሿን ራሴ ጎትቼ መኝታ ቤቷ መለስኩት።

ነገ ሻለቃን እንመዝናለን። ሰሞኑን ወፍሯል። የእሱም ጠብታ በኪሎ ነው፤ ይህን ካርቶኑ ላይ ሳታነብ ቀርታ እንደሆነ... አያታለሁ።