በጽዱ በኩል ያለው በር

መስከረም 22 ቀን 1996 ዓ.ም.
ዝናቡ ቆመ፤ ጭቃው ግን አልሰማም። ከአጥሩ በር እስከ ደጃፋችን ያው ረግረግ። በጎቹ ጠዋት ሲወጡ ያቦኩታል፣ ማታ ሲገቡ ያቦኩታል። ምንተስኖት ከቀበሌ ስብሰባ መጥቶ "ልማት ከደጅ ይጀምራል" አለኝና ተኛ። ጥሩ ባል! እሺ... እኔው እጀምራለሁ።

የሚያናድደኝ ጭቃው ብቻ አይደለም። በፋሲካ እናቱ፣ እማማ ጥሩሸዋ፣ እዚያው በር ላይ አዳልጧቸው ከነነጠላቸው ቁጭ አሉ። መጀመሪያ የሳቀው የገዛ ልጃቸው! "ሚካኤልን! ሁለተኛ በዚህ በር አልገባም!" ብለው ሄዱ። ይኸው ክረምቱ አለፈ፣ አልመጡም። ናፈቁኝ።

መስከረም 29
ድንጋይ አነጠፍኩ። ዳር ዳሩን ጽጌረዳ ተከልኩ። አቤት ሲያምር!

መስከረም 30
በጎቹ በሉት። ሁሉንም። እሾሁንስ እንዴት ዋጡት? አንዷ ዓይን ዓይኔን እያየች ታመሰኳለች።

ጥቅምት 8
ከቅዳሴ በኋላ እማማን ሳምኳቸው። ወሬው ደርሷቸዋል። "ለበግ ድግስ ደገስሽ አሉ?" ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

ደፈርኩ። "ኧረ ይምጡልን..."

"ምያለሁ እኮ ሸዋረጋ። በሚካኤል ይቀለዳል?" ጥቂት ሄድ ብለው ዞሩ። "ያ በር ግን ድሮም ነፋስ ፊት ነው። በትልቁ ጽድ በኩል ቢሆን ምን ነበረበት?"

ምን ማለታቸው ነው?

ጥቅምት 9
ገባኝ! የማሉት እኮ "በዚህ በር" ብለው ነው። ቤቱን አላሉም! እሳቸውም መምጣት ፈልገዋል ማለት ነው... እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ጥቅምት 17
አሮጌው በር ለበጎቹ ተሰጠ። አዲሱን ከጫካው በኩል፣ ከትልቁ ጽድ ሥር ከፈትን። መንገዱ ጽዱን ዞሮ ይመጣል። ዳርና ዳሩ እሬት፣ ጥጉ ላይ ጤናዳም። ምንተስኖት ወገቤን አለ። "ሳቅህ ያመጣው ነው፣ ቆፍር!" አልኩት።

ኅዳር 6
ውርጭ። እሬቱ ችሎታል። ለእማማ "በሩ በጽዱ በኩል ሆኗል፣ ለሚካኤል ይምጡ" ብዬ ላክሁ። ቢቀሩስ?

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
መጡ!

ከጽዱ ሥር ቆመው ድንጋዩን በዘንጋቸው ነካ ነካ አደረጉ። ምንተስኖት ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል "ወግድ፣ ሳቂታ!" አሉት። ብቻቸውን ገቡ። ከጤናዳሙ ቀንጥበው አሸተቱና "አሁን ደጅ ሆነ" አሉኝ። አለቀስኩ መሰለኝ... ደስ ብሎኝ።

ማታ በጎቹ ሲገቡ ምንተስኖት አንዷን ሊመልስ ሮጦ በአሮጌው በር ጭቃ ላይ ዘጭ! መጀመሪያ የሳቁት እናቱ።

ከነጭቃው ተነሣ። "ሚካኤልን! ሁለተኛ በዚህ..."

እማማ አፉን በእጃቸው ከደኑት። "ዝም በል! ሌላ በር ማን ይቆፍርልሃል?"