ስሟን ሸፍነው ድምጿን ለለቀቁት አስተዳዳሪ

ለተከበሩ የ«ስም አይጠቀስ» ግሩፕ አስተዳዳሪ፣
ካርቱም

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለስልክዎ ባትሪ ጤና እመኛለሁ። የሁለት ሺህ ሴቶችን ጭንቀት በአንድ መዳፍ ይዞ መዋል፣ ያውም በዚህ ሙቀት፣ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እረዳለሁ።

እኔ ማዘንጊያ እባላለሁ፤ እዚሁ ካርቱም፣ ባሕሪ ሰፈር ልብስ እሰፋለሁ። የምጽፍልዎት ከወሎ አብራኝ ስለመጣችው ጓደኛዬ ስለ ሬሕማ ነው። ስሟን የጠራሁት ፈቅዳልኝ ነው፤ ከእርስዎ በኋላ የሚደበቅ ስም አልቀረላትም።

ሬሕማ ጀብራ ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ እንቅልፍ አጣች፤ ልቧ ያለ ምክንያት ይመታል፣ ዕቃ እያጠበች ታለቅሳለች። መጻፍ ስለማትችል እንደ አብዛኞቻችን ድምጿን ቀርጻ ላከችልዎ። እርስዎም ቃልዎን ጠብቀው «ስሟ እንዳይጠቀስ የፈለገች እህት» ብለው ከጻፉ በኋላ ድምጿን እንዳለ ለቀቁት። ስለዚህ፦

1. ስሟን ስለሸፈኑላት ከልብ እናመሰግናለን። እኛ የምናውቃት ገና «ኧረ እህቶቼ» ስትል ለየናት። ለማያውቋትም ቢሆን ችግር አልነበረም፤ መሐል ላይ አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ ከሳሎን «ያ ሬሕማ፣ ወይኒክ?» እያሉ የት እንዳለች ሲጠይቁ ጥርት ብሎ ይሰማል።

2. ለተገኘው የሕክምና አገልግሎትም ምስጋናችን ይድረስዎ። አንዷ ጂን ነው አለች፣ ሌላዋ ጥጋብ ነው፣ ሦስተኛዋ ባል ፈልጊ። ከሁለት መቶ በላይ መልስ ውስጥ በልተሻል ወይ ብሎ የጠየቀ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ ያለ አንድ ሰው አላገኘሁም። እርስዎ ግን በየመልሱ ሥር የሳቅ ምልክት ማድረግዎን አልዘነጉም።

3. ድምጿ ማዳሟ ጋ ደረሰ፤ የጎረቤት ሠራተኛ እየሳቀች ተረጎመችላቸው። ማዳሟም ልጆቼን ለእብድ አልተውም ብለው በዚያው ቀን አሰናበቷት። አሁን እኔ ጋ ናት።

4. ድምጹን እንዲያጠፉ ስለምንዎት «ስም አልጠቀስንም፣ የግሩፑን ሕግ አንብቢ» ብለው በትሕትና መልሰውልኛል። ሕጉን አንብቤዋለሁ። ያማረ ነው።

ሬሕማ እኔ ጋ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆናት፤ አትናገርም። በራሷ ድምጽ ነው የምታፍረው። እናቷ ከወሎ ስትደውል ስልኩን ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እናቷም ድምጿን ብቻ አሰሙኝ እያለች ታለቅሳለች። ሁለት ሺህ ሰው እንደልቡ የሚሰማውን ድምጽ እናቷ አጥታዋለች። ይህን ስጽፍልዎት መሳቅ አልቻልኩም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እባክዎ ያጥፉት።

የትዕግሥትዎና የሕግዎ አድናቂ፣ ሙሉ ስሟን ለመጻፍ የማትፈራ፣
ማዘንጊያ ሸዋአለም
ባሕሪ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ዓርብ ስለ ግሩፑ ሕግ በራስዎ ድምጽ ያስተላለፉትን ማሳሰቢያ ይህን ደብዳቤ ከጨረስኩ በኋላ ከሬሕማ ጋር ሰማነው። ከኋላዎ የሐፍላ፣ የአውቶቡስ፣ ረዳት «ባሕሪ፣ ባሕሪ» እያለ ተሳፋሪ ይጠራል፤ እርስዎም መሐል ላይ ለአንድ ደንበኛ ስልኩ ነገ ይደርሳል ይላሉ። ቦታውን አወቅነው፤ ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ውስጥ ሁላችንም ስልካችንን ከነምስጢሩ ለጥገና የምንሰጥበት ሱቅ ነው። ሬሕማ ቀና አለች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል የእርስዎ ስም ነበር። እኔ ግን እዚህ አልጻፍኩትም፤ ስም ካልተጠቀሰ ማንም አያውቅም ብለዋልና አይስጉ።